«ልጆችሽ ገና ትንንሽ ናቸው» ተብዬ እድገት ተከለከልኩ፤ አሁን ደግሞ ክሱ ጁሪ ሳያየው ይዘጋ እያሉ ነው

የናቲ_እናት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ አራት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ድክ ድክ ትላለች። የሱፐርቫይዘር ቦታ ሲከፈት አመለከትኩ። የሥራ ግምገማዬ በየዓመቱ ጥሩ ነው። ሱፐርቫይዘር ሲቀር ሺፍቱን የምሸፍነው እኔ ነበርኩ። ከኢንተርቪው በኋላ ማናጀሬ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋ አድርጋ «በጣም ጎበዝ ነሽ፤ ግን ልጆችሽ ገና ትንንሽ ናቸው። ይሄ ሥራ በማታም ይጠራል። ለአንቺው አስቤ ነው» አለችኝ። ቦታውን ከእኔ ብዙ ዘግይቶ ለተቀጠረ ልጅ ሰጡት። እሱም አባት ነው። ስለ ልጁ ማንም አልጠየቀውም።

ኢኢኦሲ (የሥራ አድልዎ አቤቱታ የሚቀበለው የፌደራል መሥሪያ ቤት) ሄጄ አመለከትኩ። የመክሰስ መብት ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ጊዜው ሳያልፍ ፌደራል ፍርድ ቤት ከሰስኩ። ጠበቃ የለኝም። ባለፈው ሳምንት የሆቴሉ ጠበቆች «ሰመሪ ጃጅመንት» የሚል ወፍራም ሰነድ ላኩልኝ፤ ጉዳዩ ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ፊት ሳይቀርብ ዳኛው ይዝጋው ማለት ነው። የሚሉት ሦስት ነገር ነው። ከሱፐርቫይዘሮቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ማናጀሯ ተናገረች የተባለው በወሬ መሐል የወጣ ቃል ነው። የተመረጠው ልጅ በኢንተርቪው የተሻለ ነጥብ አግኝቷል።

ዳኛው እኔን ሳይሰማኝ ሊዘጋው ይችላል ማለት ነው? ምን ላቅርብ? የምታውቁ ብትመክሩኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዳዊት_አሌክሳንድሪያ

አይዞሽ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ ትልቅ ካምፓኒ ከሶ ማሸነፍ ከባድ ነው። የሆነ ብር ሰጥተው ይስማሙ እንደሆነ ጠይቂና ሌላ ሥራ ፈልጊ። ለጤናሽ ብዬ ነው።

ፋይል_አንባቢ

ዳዊት፣ ለመስማማትም ቢሆን መጀመሪያ ይሄን ማለፍ አለባት። ሞሽኑን (ክሱ ይዘጋ የሚለውን ማመልከቻ) አልፋ ስትደራደርና ሳታልፍ ስትደራደር አንድ አይደለም። አሠሪው ኪሱን የሚፈታው ጉዳዩ ጁሪ ፊት ሊቀርብ መሆኑን ሲያይ ነው።

የናቲ እናት፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ዲሲ ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ከሚይዙ ጠበቆች ጋር ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ነኝ። ስለዚህ የምጽፈውን እንደ እህት ምክር ያዢው።

ከሁሉ በፊት ቀኑን ቁጠሪ። በዲሲው ፌደራል ፍርድ ቤት ደንብ ለሞሽን መልስ የሚሰጠው ሰነዱ በደረሰሽ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ከደረሰሽ ጊዜሽ እያለቀ ነው። ዛሬውኑ ጊዜ ይጨመርልኝ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ የእነሱን ጠበቃም በኢሜይል ትቃወማላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂና መልሱን ማመልከቻው ላይ ጥቀሺ። ጠበቃ ለሌለው ሰው ፍርድ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ትእዛዝ ይልካል፤ ፖስታሽን እይ። «መልስ ካልሰጠሽ የእነሱን አባባል እንደ እውነት ልንወስደው እንችላለን» የሚል ነው። ሲያስፈራሩ አይደለም፤ ያደርጉታል።

ሁለተኛ፣ ሰነዱ ውስጥ በቁጥር የተደረደሩ ፍሬ ነገሮች አሉ። 1፣ 2፣ 3 እያለ ምናልባት እስከ 60 ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቁጥር መልስ ስጪ። የምትስማሚበትን «አልክድም»፣ የማትስማሚበትን «እክዳለሁ» በይና ማስረጃው የቱ ገጽ ላይ እንዳለ ጻፊ። ዝም ያልሽውን ቁጥር ዳኛው እንዳመንሽ ሊቆጥረው ይችላል። ብዙ እውነተኛ ክስ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ሰው የደረሰበትን በደል በአሥር ገጽ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ቁጥር 23ን ግን ሳይመልስ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አዎ፣ ዳኛው ምስክር ሳይሰማ፣ ወረቀት ብቻ አይቶ ሊዘጋው ይችላል። ግን በዚህ ደረጃ ማን እውነት ተናገረ ብሎ መመዘን አይፈቀድለትም። አንቺ ያቀረብሽውን ማስረጃ አምኖ፣ ጥርጣሬውን ለአንቺ አድልቶ ነው የሚያየው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄን ማስረጃ ያየ ጤነኛ ጁሪ ለሴትየዋ ሊፈርድላት ይችላል ወይስ አይችልም? ይችላል ከተባለ ክሱ ይቀጥላል። ስለዚህ አሁን ማሸነፍ አይጠበቅብሽም። የሚያከራክር ነገር መኖሩን ማሳየት ነው የሚጠበቅብሽ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ራስሽ ነሽ። ማናጀሯ ያለችሽን በቃለ መሐላ ጻፊው። ኖታሪ አያስፈልግም፤ የፌደራል ሕግ «በሐሰት ብናገር በወንጀል እንደምጠየቅ አውቄ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበትን ወረቀት ይቀበላል። የት፣ መቼ፣ ማን ነበረ፣ ቃል በቃል ምን አለች። «በልጆቼ ምክንያት አግልላኛለች» የሚለው ድምዳሜ ነው፤ ዳኛው ይዘለዋል። «በሩን ዘግታ እንዲህ አለችኝ» የሚለው ማስረጃ ነው።

ኦርላንዶ_ነዋሪ

«አብዛኞቹ ሱፐርቫይዘሮቻችን ሴቶች ናቸው» የሚለው ክርክር እዚህ እኛ ከተማ የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል። የወደቀውም በዚሁ ከተማ ጉዳይ ነው።

አይዳ ፊሊፕስ ትባላለች። አስተናጋጅ ነበረች፤ የሰባት ልጆች እናት። በ1966 ማርቲን ማሪዬታ የሚባል ትልቅ ፋብሪካ ለመገጣጠሚያ ክፍል ሰልጣኝ እፈልጋለሁ ሲል ለማመልከት ሄደች። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ያላትን ሴት አንቀበልም አሏት። እንደዚያው ትንሽ ልጅ ያለውን ወንድ ግን ይቀጥሩ ነበር። ከሰሰች። ታዲያ የፌደራሉ ዳኛ ጉዳዩን የዘጋው በምን ይመስላችኋል? በሰመሪ ጃጅመንት። ምክንያቱ ደግሞ ለዚያ ቦታ ከተቀጠሩት ከ75 እስከ 80 በመቶው ሴቶች ናቸው የሚል ነበር። ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1971 ሻረው። ትንሽ ልጅ ላላት ሴት አንድ ደንብ፣ ትንሽ ልጅ ላለው ወንድ ሌላ ደንብ ማውጣት አይቻልም አለ። ሌሎች ሴቶች መቀጠራቸው ለእሷ መልስ አይሆንም ማለት ነው። አንድ በር ግን ክፍት ተወ፤ የቤተሰብ ጣጣ የሴቷን ሥራ ከወንዱ ይበልጥ እንደሚያውክ አሠሪው በማስረጃ ካሳየ ይታያል አለ። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በዚህ አልተስማሙም። እናት እንዲህ ናት፣ አባት እንዲያ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ የሥራ መስፈርት መሆን የለበትም ብለው ለብቻ ጻፉ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የአንቺ ነገር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? እናት ነሽ፣ የተመረጠው አባት ነው። እነሱ የሚያወሩት ስለ ሴቶች ቁጥር ነው። አንቺ ስለ እናቶች አውሪ።

ሕግ_ተማሪ

ተስፋ እንዳላስቆርጥ እንጂ፣ ሁለት ነገር መታየት አለበት። የሥራ አድልዎን የሚከለክለው የፌደራሉ የ1964 ሕግ ወላጅነትን በስም አይጠቅስም። ጾታን ነው የሚጠቅሰው። በ1978 እርግዝናና ወሊድ ተጨመሩ፣ ወላጅነት ግን አልተጨመረም። ስለዚህ «ልጅ ስላለኝ በደሉኝ» ብቻውን አይበቃም፤ «እናት ስለሆንኩ፣ አባት ቢሆን የማይደረገውን አደረጉብኝ» መሆን አለበት። ሌላው ደግሞ ማናጀሯ ያ ልጅ አባት መሆኑን ታውቅ ነበር? ካላወቀች ንጽጽሩ ይላላል።

ፋይል_አንባቢ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በተለይ ሁለተኛው። የናቲ እናት፣ መልሺልን።

በመጀመሪያው ላይ የምጨምረው አለ። የተነጻጻሪ ወንድ ማስረጃ ባይኖርም ነገሩ አያልቅም። በ2004 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት የነበረች ኢላና ባክ የምትባል እናት ጉዳይ አለ። አለቆቿ ጥሩ ሲገመግሟት ኖረው የቋሚነት ጊዜዋ ሲደርስ፣ ቤት ትንንሽ ልጆች ያሏት ሴት ቋሚ ከሆነች በኋላ እንደ በፊቱ አትተጋም የሚል ነገር ተናገሩ። ይሄ የእሷ ቃል ነው። የሚገርመው፣ ተናገሩ የተባሉት ሁለቱም አለቆች ሴቶች ናቸው። ትምህርት ቤቱም ከመምህራኖቻችን 85 በመቶው ሴቶች፣ ከእነሱም 71 በመቶው እናቶች ናቸው ብሎ ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ግን እናት ሥራና ልጅ አንድ ላይ አትችልም የሚለው ግምት ራሱ የጾታ አድልዎ ማስረጃ ነው፤ ከወንድ ጋር ማነጻጸር ግዴታ አይደለም ብሎ በሁለቱ አለቆች ላይ የቀረበው ክስ እንዲቀጥል ፈቀደ። በአሠሪው በትምህርት ቤቱ ወረዳ ላይ የቀረበው ግን እንደተዘጋ ቀረ። ይሄ የኒው ዮርክ አካባቢ ፍርድ ቤት ስለሆነ የዲሲን ዳኛ አያስገድድም፤ ግን ያነቡታል።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ክስሽ ላይ የዲሲን የሰብአዊ መብት ሕግ ጠቅሰሻል? እሱ «የቤተሰብ ኃላፊነት»ን በስም ይጠቅሳል። ለእናትም ለአባትም ይሠራል። እዚያ ላይ «ወላጅነት በሕጉ የለም» የሚለው ክርክር አይነሳም።

የናቲ_እናት

ጠቅሻለሁ። ቅጹን ሳስሞላ የረዳችኝ ልጅ ሁለቱንም እንድጽፍ ነገረችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ማናጀሯ በደንብ ታውቃለች። ልጁ ሲወለድለት ኋላ ክፍል ካርድ ዞሮ ሁላችንም ፈርመናል። እሷ ከላይ በትልቁ «እንኳን አባት ለመሆን አበቃህ» ብላ ፈርማለች። ካርዱን ፎቶ አንስቼ በግሩፓችን ቫይበር ላይ ለቅቄው ነበር፤ እስካሁን አለ።

ሕግ_ተማሪ

ያቺን ፎቶ እንዳታጠፊያት! ስልኩንም አትቀይሪ።

ፋይል_አንባቢ

ካርዷ ብዙ ትናገራለች። አባት መሆኑን አውቃ ቦታውን ሰጠችው፣ እናት መሆንሽን አውቃ ከለከለችሽ። ፎቶውን ከቃለ መሐላሽ ጋር አያይዢ፤ ማን አነሳው፣ መቼ፣ የማን ፊርማ ነው፣ ፊርማዋን በምን ታውቂዋለሽ የሚለውን ጻፊ።

«በወሬ መሐል የወጣ ቃል ነው» ለሚለው፦ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ቃል የሚንቁት ውሳኔው ውስጥ የሌለበት ሰው ከተናገረው፣ ወይም ከረጅም ጊዜ በፊት ከሆነ፣ ወይም ከቦታው ጋር ካልተያያዘ ነው። አንቺ ጋ የተናገረችው ወሳኟ ራሷ ናት። የተናገረችው ለምን እንዳልተመረጥሽ ስትነግርሽ ነው። የሰሚ ሰሚ ነው ቢሉም አያስኬዳቸውም፤ ማናጀር በሥራዋ ጉዳይ የተናገረችው በአሠሪው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

«ለአንቺው አስቤ ነው» ማለቷም አያድናትም። የሜኗ የሎሪ ቻድዊክ ጉዳይ እዚህ ላይ ልክ የአንቺን ይመስላል። ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ነበረች። አንድ የ11 ዓመት ልጅና የስድስት ዓመት ሦስት መንታዎች ነበሯት። እድገት ስትከለከል አለቃዋ ጥፋት የለብሽም፣ ትማሪያለሽ፣ ልጆች አሉሽ፣ ብዙ ሸክም ነው ያለብሽ አለቻት። በርኅራኄ ነው የተናገረችው። «ሴት ስለሆንሽ» የሚል ቃል አልወጣትም። የታችኛው ፍርድ ቤት በሰመሪ ጃጅመንት ዘጋው። በ2009 ይግባኝ ሰሚው ከፈተው። አለቃዋ ሴት የሚለውን ቃል ባትጠራም፣ ለአባት እንዲህ ይባል ነበር ወይ ብሎ ጁሪ መጠየቅ ይችላል አለ።

እዚያም «ሌላዋ በኢንተርቪው በለጠች» ብለዋል። ግን የቻድዊክ ግምገማ ከ5 ነጥብ 4.40 ነበር፣ የተመረጠችው 3.84። በሥራውም ቻድዊክ ትቀድማለች። ደግሞ ልብ በይ፣ የተመረጠችውም እናት ነበረች፤ ልጆቿ ግን ከፍ ያሉ ናቸው፣ 9 እና 14። ያም ክሱን አላስዘጋም። ስለዚህ የአንቺንም የእሱንም የሥራ ግምገማ ጎን ለጎን አስቀምጪ። የኢንተርቪው ነጥብ የሰጡት ሦስት ሰዎች ከሆኑ፣ ወረቀቶቹ የታሉ? መቼ ተጻፉ? ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ የተሞላ ቅጽ አይቼ አውቃለሁ።

የቤቢ_አባት

ወንዶችም አለንበት። እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። ልጄን ከዴይኬር ለማምጣት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ልውጣ ስል «ሚስትህ የት ሄዳ ነው?» ነው መልሱ። ሴቶቹ ሲጠይቁ ይፈቀዳል። ይሄስ ክስ ይሆናል?

ኦርላንዶ_ነዋሪ

ወንድሜ፣ የእናንተው ሜሪላንድ ውስጥ ኬቪን ነስማን የሚባል የክልሉ ፖሊስ ነበር። በ1994 መጨረሻ ሚስቱ ወልዳ ታመመችበት። ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ ፈቃድ ስጡኝ ሲል፣ ሚስትህ ኮማ ውስጥ ካልገባች ወይም ካልሞተች አይሰጥህም እንዳሉት መሰከረ። ጁሪው 375,000 ዶላር ፈረደለት። ይግባኝ ሰሚው በ2001 ገንዘቡ በዝቷል ብሎ መለሰው፤ መብቱ መጣሱን ግን አጽንቷል። የአንተም መጠየቅ ያለበት ነው፤ ጋራዡ ዲሲ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚለው ሕግ አለልህ። ሴቶቹ የተፈቀደላቸውን ቀን መዝግብ።

ሚኒያፖሊስ_ነኝ

እኛም ጋ ሚኒሶታ ከ2014 ጀምሮ የሥራ ሕጉ የቤተሰብ ሁኔታን ይጠቅሳል። አላስካ ደግሞ ወላጅነትን ራሱን ጽፋለች። የክልላችሁን ሕግ እዩ፣ ፌደራሉን ብቻ አትመልከቱ።

አዲስ_ሰው

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤተሰብ ኃላፊነትን ሥራ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይሆንም ብሎ በግልጽ ይዘረዝረዋል። የወሊድ ፈቃድም 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ በደመወዝ ነው። አሜሪካ ይሄ በስም የለም መባሉን ዛሬ ገና ሰማሁ። ማስረጃው ላይ ግን እዚህም ያው ነው፤ በቃል የተነገረን ነገር ማስመስከር የሚችል ሰው ከሌለ ተበዳይ ተበዳይ እንደሆነች ትቀራለች። በርቺ እህቴ።

ዳዊት_አሌክሳንድሪያ

ያን ቀን ስልክሽ ላይ ቀድተሻት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁንም ደውለሽ አናግሪያትና ቅጂያት።

ፋይል_አንባቢ

ኧረ በፍጹም! ዲሲና ቨርጂኒያ ከሁለቱ ተናጋሪዎች አንዱ ካወቀ መቅዳት ይፈቀዳል። ሜሪላንድ ግን ሁሉም ካልተስማሙ ወንጀል ነው። እሷ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ ደውላ ብትቀዳ ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች። የሥራ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የሰው ፋይል መቅዳትም እንዳይሞከር።

የማታ ሥራውን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ንገሪን። ማታ አልችልም ብለሽ ታውቂያለሽ? እነሱ የሚመጡት በዚህ ነው።

የናቲ_እናት

አንድ ጊዜ ትንሿ ሆስፒታል ስትገባ ለሁለት ሳምንት ወደ ቀን አዙሩኝ ብዬ ኢሜይል ጽፌአለሁ። ጠበቆቹ እሱን አያይዘውታል። ከዚያ ወዲህ ማታ ገብቼ ሠርቻለሁ። ማመልከቻዬ ላይም «በማንኛውም ሺፍት» የሚለውን ሞልቻለሁ።

ሌላም አለ። አብራኝ የምትሠራ እህት ማናጀሯ ለኤችአሯ (ለሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ) ስለ እኔ «ገና ወልዳለች፣ በየጊዜው ልትቀር ነው» ስትል በጆሮዋ ሰምታለች። ግን ሥራዬን አጣለሁ ብላ ፈርታለች። እንግሊዝኛ መጻፍም ይከብዳታል።

ፋይል_አንባቢ

ኢሜይሉ አያስፈራ። በቁጥር ስትመልሺ «እክዳለሁ» አትበይው፤ እውነት ነውና። «አልክድም፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በነዚህ ቀኖች ማታ ሠርቻለሁ» ብለሽ የሺፍት ወረቀቱን አያይዢ። ማመልከቻሽንም አስገቢ። በ2004 በቺካጎ ይግባኝ ሰሚ የታየ የሽያጭ ሠራተኛ ጉዳይ አለ። አለቃዋ ልጆች ስላሏት ወደ ሌላ ከተማ መዛወር አትፈልግም ብሎ ራሱ ወሰነላት። እሷ እንደዚያ ብላው አታውቅም። ጁሪው ለእሷ ፈረደ፣ ይግባኝ ሰሚውም አድልዎ ነው መባሉን አጸና። አለቃ በእናት ፋንታ መወሰን አይችልም።

ስለ እህታችን፦ እሷ የሰማችውን አንቺ መጻፍሽ አይበቃም፤ ያ ነው የሰሚ ሰሚ የሚባለው። ራሷ በቃለ መሐላ ትጻፈው። በአማርኛ ጽፋ ትፈርም፤ ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ይተርጉመውና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጥ። ሁለቱም ወረቀት አብሮ ይገባል። አንቺ ባትተረጉሚው ይሻላል። ለእሷም ንገሪያት፦ በአድልዎ ክስ የመሰከረን ሠራተኛ መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ፍርሃቷ ግን የእውነት ነው፤ አትጫኛት። ፊት ለፊት አስረድተሽ ለራሷ ተያት።

ጠበቃም ፈልጊ። ዲሲ ባር (የዲሲ ጠበቆች ማኅበር) ነፃ ምክር የሚሰጥበት ማዕከል አለው፤ ፍርድ ቤቱንም ነፃ ጠበቃ ይመደብልኝ ብለሽ በጽሑፍ መጠየቅ ትችያለሽ። ግዴታ የለባቸውም፣ ግን ይጠየቃል።

የናቲ_እናት

ጊዜ ይጨመርልኝ የሚለውን ዛሬ አስገባሁ። ጠበቃቸው አልቃወምም ብሎ መልሶልኛል። እህታችንም እጽፋለሁ ብላለች፤ ባለቤቷ ነው ያደፋፈራት።

አንድ ቀረኝ። የኢንተርቪው ነጥብ ወረቀቶቹን በዲስከቨሪ (ሁለቱ ወገኖች ማስረጃ በሚለዋወጡበት ጊዜ) ጠይቄ ነበር። አንድ የተጠቃለለ ሠንጠረዥ ብቻ ነው የላኩልኝ፤ በእጅ የተጻፉትን «እየፈለግን ነው» ብለው እስካሁን አልሰጡኝም። ሞሽናቸው ላይ ግን ነጥቡን ጠቅሰውታል።

ፋይል_አንባቢ

ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪን ኖሮ ከዚህ ነበር የምጀምረው። የፌደራሉ ደንብ 56 ንኡስ ፊደል ዲ ለዚሁ የተጻፈ ነው። ለብቻው ቃለ መሐላ አዘጋጂ፦ የትኛውን ወረቀት ጠየቅሽ፣ መቼ፣ ምን ብለው መለሱ፣ ወረቀቱ ቢገኝ ምን ያሳያል ብለሽ ታምኛለሽ፣ ለምን በሌላ መንገድ ልታገኚው አልቻልሽም። ኢሜይሎቹን አያይዢ። ዳኛው ሞሽኑን ሊያዘገየው ወይም ወረቀቱን እንዲያወጡ ሊያዝዝ ይችላል። ግን በዚህ ብቻ ተደግፈሽ ዋናውን መልስ እንዳትተዪ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስገቢ። ረቂቁን ስሞቹን አጥፍተሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አየዋለሁ።